አራተኛው ማን ነበር? አንድ ጥቅስ በሐዋሳ ስንት ቤት ያድራል

ለታኅሣሥ 19 ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ አልጋ ቀደም ብሎ ካልያዘ መኪናው ውስጥ ያድራታል። የገብርኤል ንግሥ ነውና ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶ የመጣው ሕዝብ ከዋዜማው ጀምሮ ከተማዋን ይሞላታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የተረፈው አደባባዩን ይይዛል፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በነጠላ ነጭ ይሆናል፤ ባጃጆች በውስጥ ለውስጥ ይዞራሉ።

በአንዱ ዓመት በዚሁ ቀን የተሳፈርሁባት ባጃጅ የፊት መስታወቷ ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ተለጥፎባታል። አጠገቤ ከቅዳሴ የወጡ እናት ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ጨዋም ነው።

«እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት» አላቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ።»

ትንሽ ነዳና አላስችል አለው። «ግን እማማ፣ እሳቱ ውስጥ ከልጆቹ ጋር የነበረው እኮ ገብርኤል አይደለም። ጌታ ራሱ ነው።»

እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና «አንተ እዚያ ነበርክ እንዴ?» አሉት። ሦስታችንም ሳቅን። ሂሳባቸውን ከፍለው፣ መርቀውት ወረዱ።

ሳቁ አለፈ፣ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። አባቴ ቤት ገብርኤል ይዘከራል፤ የእናቴ ወገኖች የቃለ ሕይወት ሰዎች ናቸው። ይህን ክርክር ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ሁለቱም ወገን ግን ምዕራፉን ገልጦ እዚያው ሲያነበው ያየሁባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው።

ምዕራፉ ዳንኤል 3 ነው። ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል አንሰግድም ያሉት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እሳት ውስጥ ተጣሉ፤ ንጉሡ ሦስት ጥሎ አራት ቆጠረ። አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ባለው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም «የአራተኛውም መልክ የአማልክትን ልጅ ይመስላል» ይላል፣ ቁጥር 25። ሦስት ቁጥር ዝቅ ስንል ያው ንጉሥ አምላካቸው መልአኩን ልኮ እንዳዳናቸው ይናገራል። ገብርኤል የሚለው ስም በምዕራፉ ውስጥ የለም፤ በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 እና 9 ላይ ነው ስሙ የሚጠራው። ኢየሱስ የሚለውም፣ በእርግጥ፣ የለም።

እንግዲህ ገብርኤል ከየት መጣ? በመጀመሪያ መጽሐፉ ራሱ በሁለቱ ቤቶች እኩል አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ከግሪኩ ሰባ ሊቃናት መስመር የመጣ በመሆኑ ዳንኤል 3 ላይ በዕብራይስጡና በአራማይኩ የሌለ ረጅም ክፍል አለው፤ ጸሎተ አዛርያና መዝሙረ ሠለስቱ ደቂቅ ማለት ነው። እዚያ ላይ የእግዚአብሔር መልአክ ወደ እቶኑ ወርዶ ነበልባሉን እንዳራቀው፣ የእሳቱንም መካከል ጠል እንዳለው ነፋስ እንዳደረገው በግልጽ ተጽፏል። ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን መዝሙር ከነቢያት ጸሎት ጋር በቃሉ ይዞታል። በፕሮቴስታንቱ 66 መጽሐፍ ያደገ ሰው ግን ይህን ክፍል አንብቦት አያውቅም፤ መጽሐፉ ውስጥ የለማ። ባጃጁ ውስጥ የነበሩት እናትና ልጁ የተከራከሩት ስለ አንድ ጥቅስ አልነበረም፤ ሁለት የተለያየ ርዝመት ያላቸው ምዕራፎች ናቸው የተገናኙት። መልአኩ ገብርኤል መሆኑን ደግሞ የምትናገረው በታኅሣሥ 19 ስንክሳር፣ ማለት በየዕለቱ በሚነበበው የቅዱሳን ታሪክ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የምትነበበው ትውፊት ናት።

ቀጥሎ ትርጉም አለ። አራማይኩ «ባር ኤላሂን» ይላል፤ የአማልክት ልጅ እንደማለት ነው፣ በአሕዛብ ንጉሥ አፍ የተነገረ። ከጥንቶቹ የግሪክ ትርጉሞች አንዱ ይህን «የእግዚአብሔር መልአክ» ሲለው ሌላው «የእግዚአብሔር ልጅ» ብሎታል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛው ኪንግ ጄምስ ሁለተኛውን መንገድ ያዘ፤ በእንግሊዝኛ ስብከት ያደገ ሰባኪ ሁሉ ከዚያ ወዲህ አራተኛው ክርስቶስ ነው ማለት ቀለለው።

እስካሁን ነገሩ እንደጠበቅነው ነው፤ ኦርቶዶክሱ መልአክ ይላል፣ ፕሮቴስታንቱ ክርስቶስ። የሚያስቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዳንኤልን ትርጓሜ የጻፈው ሂጶሊጦስ፣ ከጥንት አባቶች አንዱ፣ አራተኛው ቃል ራሱ፣ ወልድ ነው አለ። ስለዚህ የባጃጁ ልጅ የያዘው ንባብ ፕሮቴስታንት ከመባሉ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበረ። በአንጻሩ ከአውሮፓው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዋነኛ መሪዎች አንዱ ዮሐንስ ካልቪን አራተኛው ክርስቶስ ነው የሚለውን አልተቀበለም፤ እግዚአብሔር ከመላእክቱ አንዱን ልኮ ነው አለ። በጥንታዊቷ ኑብያ በፋራስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ ደግሞ በክንፎቹ ሦስቱን ወጣቶች ከልሎ የቆመው ሚካኤል ነው። እማማ ካልቪንን ቢያገኙት ኖሮ ቢያንስ እስከ ሐይቁ ድረስ ይስማሙ ነበር።

ይህን ያነሣሁት አንዱን ወገን ለማሸማቀቅ አይደለም። በሐዋሳ፣ በተለይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በቲክቶክና በቴሌግራም፣ ከሁሉም ወገን የምሰማው አንድ አባባል አለ፦ «እኛ የተጻፈውን እንዳለ ነው የምንቀበለው፤ የሚያጣምሙት እነሱ ናቸው።» እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ሁሉን እንዳለ የሚቀበል ወገን እስካሁን አላጋጠመኝም። እያንዳንዱ ወግ ቃል በቃል ጨብጦ የማይለቀው ጥቅስ አለው፣ በምሳሌ ወይም በዘመን ተርጉሞ የሚያልፈውም አለው። የሚለያዩት መስመሩን በሚያሰምሩበት ቦታ ነው። ቦታውን የሚወስነው ደግሞ ጥቅሱ ብቻውን አይደለም፤ በእጅ ያለው መጽሐፍ ስንት ነው፣ ከማን ጋር ተቀምጠው ነው የሚያነቡት፣ ካነበቡ በኋላ ምን ሊያደርጉበት ነው የሚለው ነው።

«ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን እንይ። ኦርቶዶክሱ በምሳሌና በምሥጢር አተረጓጎም ይታወቃል፤ ፕሮቴስታንቱ ግልጹን ቃል እወዳለሁ ይላል። እዚህ ጋ ሲደርሱ ግን ቦታ ይለዋወጣሉ። ኦርቶዶክሱ አማናዊ ሥጋ፣ አማናዊ ደም ብሎ ቃሉን እንዳለ ይይዛል፤ ካቶሊኩም እንዲሁ። የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል ምእመን «ለመታሰቢያዬ አድርጉት» የሚለውን ቀጣይ ሐረግ ይይዝና «ነው» ያለውን «ያመለክታል» ብሎ ይፈታዋል። ይህ ክርክር በፕሮቴስታንቱ ቤት ውስጥም አሮጌ ነው። በጥቅምት 1529 እ.ኤ.አ. በጀርመን ማርቡርግ ላይ ሉተርና «ያመለክታል» ባዩ ዝዊንግሊ ሲገናኙ ሉተር ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ «ይህ ሥጋዬ ነው» ብሎ ጻፈና ከዚያች «ነው» ፈቀቅ አልልም አለ። ከ15 አንቀጾች በ14ቱ ተስማምተው በዚህች ተለያዩ።

የእኛዋ መካነ ኢየሱስ የሉተር ልጅ ናት፤ በኑዛዜዋ መሠረት የክርስቶስ ሥጋና ደም በእንጀራውና በወይኑ በእውነት አለ። እንደኔ ትዝብት ግን እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ብዙ የመካነ ኢየሱስ ወጣት ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ የዝዊንግሊን መልስ ነው። ከሉተር ይልቅ ጎረቤቱ አስተምሮታል። ኦርቶዶክሱም ቃሉን እንዳለ ይይዛል እንበል እንጂ ቅዳሴው ሲያልቅ የሚቆርበው ማን ነው? ሕፃናትና አረጋውያን ይበዛሉ። ጎልማሳው «አልበቃሁም» ብሎ ይመለሳል፤ አባቶችም ዮሐንስ 6፥53ን እያነሡ ይገሥጹታል። ይህን ያልሁት ቃል በቃል ማመንና ቃል በቃል መፈጸም ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ነገሮች በመሆናቸው ነው።

መነኮሳቱ ሳይረሱ። በሦስተኛው መቶ ዓመት እንጦንስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ማቴዎስ 19፥21 ሲሰማ ሄዶ ሸጠ። ሰባኪዎቻችን፣ የየትኛውም ወገን፣ ይህችን ጥቅስ ሲያገኙ «ልቡ ከገንዘቡ ጋር ስለነበረ ለዚያ ወጣት የተነገረ ነው» ይሉናል። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ብቻ እዚህ ላይ ማን ቃል በቃል አንባቢ ሆነ፣ ማን ተርጓሚ?

አሁን ስለ ማንበቢያው ቦታ ልናገር። ኦርቶዶክሱ መጽሐፍ የሚማርበት ባህላዊ ቦታ ጉባኤ ቤት ነው፤ ተማሪው የኔታ ፊት ተቀምጦ ግእዙን ከንባቡ፣ አማርኛውን ከትርጓሜው ጋር ይሰማል። ትርጓሜው አንድምታ የተባለው «አንድም» እያለ ስለሚቀጥል ነው። አንድ ቃል ይነበባል፣ አንድ ፍች ይሰጣል፤ «አንድም» ይባልና ሌላ ይጨመራል፤ አንዳንዴ አራትና አምስት ይደርሳል፤ ታሪክ ይገባል፣ ሐተታ ይከተላል። ይህ በጎንደር ዘመን የጎለመሰ ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉት፤ የታች ቤቱ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን «አንድም» ማለት «እንደፈለግህ» ማለት አለመሆኑ ነው። አጥር አለው። ሃይማኖተ አበው፣ ቅዳሴው፣ ጉባኤያቱ ከወሰኑት የሚወጣ «አንድም» የለም። አጥሩ ውስጥ ግን ሁለት ፍች ጎን ለጎን ሳይጣሉ ይኖራሉ። እናም የአንድምታ ሊቅ «ይህ ጥቅስ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው» ሲባል ግር ይለዋል።

ወንጌላዊው ወጣት ያደገው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ኅብረቱ ወይም የቤት ለቤት ጥናቱ ከስምንት እስከ አሥር ሰው ሆኖ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም መጽሐፉን ይገልጣል። ኢንዳክቲቭ በሚሉት ዘዴ ምልከታ፣ ትርጓሜ፣ ተዛምዶ እያሉ ይሄዳሉ፤ ምን ይላል፣ ምን ማለት ነው፣ ለእኔስ? «ዐውዱን እዩት» የሚለው ቃል በየደቂቃው ይሰማል። የዚህ ዘዴ ጉልበቱ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ እንኳ «ቁጥር 4 ላይ እንዲህ አይልም» ብላ ሰባኪውን ማቆም መቻሏ ነው። ድካሙ ደግሞ «ለእኔስ?» ላይ ፈጥኖ መድረሱ ነው።

ለዚህ ከኤርምያስ 29፥11 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው በከተማችን ባጃጅ ላይ፣ በምርቃት ኬክ ላይ፣ በሱቅ መስኮት ላይ አለ። የተጻፈው ለባቢሎን ምርኮኞች ነው፤ ከፍ ብሎ ቁጥር 10 ደግሞ ነገሩ የሚሆነው ሰባ ዓመት ሲፈጸም ነው ይላል። ደብዳቤውን የተቀበለው ጎልማሳ ተስፋውን በዓይኑ አያየውም ማለት ነው። ከዚያው ደብዳቤ ቁጥር 7 «ወደ እርስዋ ስላስማረክኋችሁ ከተማ ሰላም ፈልጉ» ይላል፤ ይህን በባጃጅ ላይ ተለጥፎ አይቼው አላውቅም። 3ኛ ዮሐንስ 2ም እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ሲጀመር ለተቀባዩ ጤና መመኘት የተለመደ ነበር፤ ሽማግሌው ለጋይዮስ የጻፈው ይህ ሰላምታ በብልጽግና ሰባኪዎች አንደበት የውል አንቀጽ ሆነ። እዚህ ላይ አቋሜን አልደብቅም፦ የሰላምታን ቃል የሐብት ዋስትና ማድረግ ልዩ አተረጓጎም አይባልም፤ ያለማንበብ ነው። ይህን የሚሉት ኦርቶዶክሶች ብቻ አይደሉም፤ ጠንከር ያለ ትችት የምሰማው ከወንጌላውያኑ ከራሳቸው መምህራን ነው።

ወደ ከረረው ክርክር ልሂድ። ሮሜ 8፥34። በ1954ቱ ትርጉም ክርስቶስ በእግዚአብሔር ቀኝ ያለው፣ «ደግሞ ስለ እኛ የሚማልደው» ነው። በ2000 ዓ.ም. በታተመው የኦርቶዶክስ ሰማንያ አሐዱ ግን ቦታውን የያዘው የመፍረድ ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ በሐዋሳ ያየሁት ነገር ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ሠርግ ላይ ሁለት አማቾች ስልካቸውን አውጥተው ሁለት ትርጉም ሲያነጻጽሩ አይቻለሁ፣ ጥሎሹ ሳይራገፍ።

የሁለቱ ሥጋት ምን እንደሆነ ካልገባን ክርክሩ አይገባንም። ኦርቶዶክሱ የሚሠጋው ክርስቶስ ዛሬም ከአብ ፊት ቆሞ ይለምናል ከተባለ ከአብ ያንሳል የሚል ትርጉም ይመጣል ብሎ ነው፤ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን የአርዮስን ጥላ ያያል። ምልጃው በመስቀል አንድ ጊዜ የተፈጸመ፣ ዛሬም የሚሠራ ነው፤ እርሱ ግን ፈራጅ አምላክ ነው ይላል። ወንጌላዊው ደግሞ ክርስቶስ አይማልድም ከተባለ ቦታው ለቅዱሳን ሊለቀቅ ነው ብሎ ይሠጋል፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን ይዞ «መካከለኛው አንድ ነው» ይላል። ሉተራውያን በ1530 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ኑዛዜ 21ኛ አንቀጽ ላይ ቅዱሳንን እንደ አርኣያ ማሰብ መልካም ነው፣ መለመን ግን መጽሐፍ አያስተምርም ብለዋል። የጦፈው ክርክር እንግዲህ የሚነሣው ጥቅሱ ከሚለው በላይ ጥቅሱ ከተነካ በኋላ ይመጣል ተብሎ ከሚፈራው ነው።

የግሪኩን ግስ በተመለከተ የምችለውን ያህል ላስረዳ። ቃሉ አንድ ሰው ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ ስለሌላው ጉዳይ መናገሩን ያሳያል፤ የችሎት ሽታ አለው። ያው ቃል በሮሜ 11፥2 ኤልያስ እስራኤልን ሲከስ ተነግሮለታል፤ እዚያ አማርኛው «እንደሚከስ» ብሎ ተርጉሞታል። ስለዚህ «መፍረድ» ማለት ከግሪኩ ግስ የራቀ ነው፤ ይህ የተርጓሚው ነገረ መለኮት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከቃሉ የወጣ አይመስለኝም። «መማለድ» ለቃሉ ይቀርባል። ሆኖም አማርኛችን «ማለደ» ሲል ተንበርክኮ፣ አንገት ደፍቶ መለመንን ወዲያው ያመጣል፤ ያ ምስል ደግሞ ግሪኩ የሚያስገድደው አይደለም። የሚገርመው ይህን የተናገሩት ሁለት ሰዎች ከሁለቱ ወገን ናቸው። ዮሐንስ አፈወርቅ በሮሜ መልእክት ስብከቱ «ይማልዳል» የተባለው የፍቅሩን ጽናት ለማሳየት ነው አለ። ካልቪን ደግሞ ክርስቶስ በአብ ፊት ተንበርክኮ ይለምናል ብለን አናስብም፤ የሞቱ ኃይል ራሱ የማያልቅ ምልጃ ነው አለ። እነዚህ ሁለቱ ሠርጉ ላይ ቢጋበዙ ጥሎሹ በሰላም ይራገፍ ነበር።

ክርክሩ በኦርቶዶክስና በጴንጤ መካከል ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ጥምቀትን ማንሣት ይበቃል። ሐዋሳ የጴንጤቆስጤው እንቅስቃሴ ካቆጠቆጠባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በ1950ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የስዊድን ፊላደልፊያ ሚስዮን እዚህ ተክሎ አጫጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ሕይወት ብርሃን የወጣችው ከዚያ ነው። በዚህች ከተማ ውስጥ ታዲያ አንድ ሕፃን ቢወለድ ኦርቶዶክሱ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያጠምቃል፤ ቀኑ ከዘሌዋውያን 12 ጋር ይያያዛል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደገቡ ይናገራል። መካነ ኢየሱስም ሕፃን ታጠምቃለች። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል «ያመነ የተጠመቀም» ይላልና መጀመሪያ ይመን ብለው ይጠብቁታል። ከተማው ኦንሊ ጂሰስ የሚላቸው፣ በደቡብ ብዙ ምእመን ያላቸው፣ ደግሞ ማቴዎስ 28፥19ን በሐዋርያት ሥራ 2፥38 ፈትተው በኢየሱስ ስም ብቻ ያጠምቃሉ፤ በሥላሴ ስም የተጠመቀውንም እንደገና። ሌሎቹ ሁሉ በተቃራኒው የሐዋርያትን ሥራ በማቴዎስ ይፈቱታል። «መጽሐፍን በመጽሐፍ መተርጎም» የሚባለው መርሕ እዚህ ይፈተናል፤ የትኛው ጥቅስ የትኛውን ይፍታ የሚለውን መርሑ ራሱ አይነግርህም።

ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ ሲቀላቀል አርባውን ማውጣትና አለማውጣት ያጣላል። ወንጌላዊው ዕብራውያን 9፥27ን ያነሣል፦ አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያ ፍርድ። ካቶሊኩ 2ኛ መቃብያን 12ን፣ ይሁዳ ለሞቱት ወታደሮች መሥዋዕት ያሳረገበትን። ኦርቶዶክሱም መቃብያን አለኝ ይላል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያው መጽሐፈ መቃብያን በስም እንጂ በይዘት ከካቶሊኩ ጋር አንድ አይደለም፤ ታሪኩ ሌላ ነው። ስለዚህ የእኛ ሊቃውንት ለፍትሐት ከሚያነሡት አንዱ ጳውሎስ ለሄኔሲፎሩ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1 «በዚያን ቀን ምሕረትን ያግኝ» ያለው ነው፤ ሄኔሲፎሩ ያኔ ሞቶ ነበር ብለው ያነቡታልና። በሕይወት ነበር የሚሉም አሉ።

ከጥቅስ በፊት ልማድ የሚያነብበት ጊዜም አለ። በሐዋሳ ሥጋ ቤቶች ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይታያል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25 «በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ከሕሊና የተነሣ ሳትመረምሩ ብሉ» ይላል፤ «ወደ አፍ የሚገባ አያረክስም» ብሎ ጾምን የሚተቸው ዘመዴ ግን ሥጋ ሲገዛ መስቀሉን አይቶ ነው የሚገባው። መጠጥም እንደዚሁ። ሉተር ቤት ቢራ ጠማቂዋ ሚስቱ ካታሪና ነበረች፤ የእኛ አገር ሉተራዊ ግን ጠላ ቤት ከታየ ሽማግሌዎች ይጠሩታል። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው። «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚለውስ? ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ፣ ኦርቶዶክሱ በየቅዳሴው የሚመሰክረው ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ባጃጅ ላይ ሲለጠፍ የሹፌሩን ቤተ እምነት የሚናገር ታርጋ ሆኗል። እማማም ገና ሲሳፈሩ ያነበቡት እንደ ታርጋ ነው።

ታኅሣሥ 19 በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። ሐምሌ 19 ሲነግሥ ይህ ጣጣ የለም፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር። በታኅሣሡ ግን ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ወደ ሐይቁ ሲወርድ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጥብስ ሽታ ይቀበለዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አጥንት ይጠብቃሉ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? ጌታ ከትንሣኤ በኋላ ዓሣ በልቷል የሚል አለ፤ ሉቃስ 24፥42። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም የሚናገርበትን 15ኛውን አንቀጽ የሚጠቅስ አለ፤ የንስሐ አባቴ አልፈቀዱልኝም የሚል አለ፤ ዓሣ ደም አለው ብሎ የሚዘጋውም። በዚያው ቀን አንድ ጠረጴዛ ከብበው ከተቀመጡ አምስት ተሳላሚዎች ሁለቱ ዓሣ አዘዙ፣ ሁለቱ ሽሮ፣ አንዷ ቡና ብቻ። አምስቱም የመጡት ከአንድ ቅዳሴ ነው። ዓሣ ያዘዘው ሰውዬ አጠገቡ የነበሩትን አማቱን ቀና ብሎ አየና «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ እንግዲህ» አላቸው።

«ብላ፣ ብላ» አሉት። «አጥንቱን ብቻ ተጠንቀቅ።»